ሊቀ ፍርግርግ ዶክተር ጫላቸው

ነገሩ አለቀ፣ ተስማማን፣ በቃ ወደየቤታችን እንሂድ በተባለበት ቦታ ሁሉ ጣቱን ቀስ አድርጎ አንስቶ «አንድ ይቀራል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሽምግልና ላይ አለ፤ ሁለቱ ወገኖች ተቃቅፈው ሊለያዩ ሲሉ። ዕድር ላይ አለ፤ ቃለ ጉባኤው ሊፈረምበት ብዕር ሲፈለግ። አውቶቡስ ውስጥ አለ፤ ሾፌሩ ሞተር ካስነሣ በኋላ። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁላችንም በሆዳችን ረግመነዋል። ለጅቡቲ ከተማ የደረሳት ግን እንዲህ ያለ ተራ ሰው አይደለም። የፊዚክስ ዶክተር ነው የደረሳት፤ ክቡር ሊቀ ፍርግርግ፣ የነጥቦች ሁሉ ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ ዶክተር ጫላቸው።

ማዕረጉን የሰጠቻቸው ተማሪያቸው ትሁን ናት፤ በእርግጥ በሌሉበት። ትሁን ድሬዳዋ ተወልዳ፣ አባቷ ወደብ ላይ የትራንዚት ሥራ ሲያገኝ በስድስት ዓመቷ ጅቡቲ የገባች ልጅ ናት። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሶማልኛውን ከጎረቤት፣ ትዕግሥትን ደግሞ ከዶክተር ጫላቸው ተምራለች። ዶክትሬቷን ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ ከሦስቱ ትምህርቶች ያልጨረሰችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

የሁለቱን ሥራ በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይሮጣሉ። አተሞቹ ደግሞ ባሉበት ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ ይህን መንቀጥቀጥ የሙያው ሰዎች ፎኖን ይሉታል። ጥያቄው ሯጩና ተንቀጥቃጩ ምን ያህል ይጋጫሉ ነው። አብዝተው ከተጋጩ ሽቦው ይግላል፤ ካልተጋጩ ቀዝቀዝ ብሎ ይኖራል። ጅቡቲ ውስጥ በሐምሌ ወር የማይግል ነገር ፍለጋ ዕድሜውን ለሰጠ ሰው ማንም ክፉ ቃል ሊናገረው አይገባም።

ችግሩ መንቀጥቀጡ ማለቂያ የለውም። በየአቅጣጫው ነው፣ በየርዝመቱ ነው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ፍርግርግ ይዘረጋል፤ መስመርና መስመር በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ብቻ ይሰላል፣ የቀረው በእነዚያ ነጥቦች ምስክርነት ይታመናል። ፍርግርጉ ሰፊ ከሆነ እውነቱ በቀዳዳው ያመልጣል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ያሰላል። እንግዲህ ስንት በስንት ይሁን? ሌላው የሙያው ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ያጠፋል። ዶክተር ጫላቸው ሃያ ሁለት ዓመት አጥፍተውበት አሁንም ጥያቄው ያምራቸዋል።

ተማሪ ቁጥር ይዞ ቢሯቸው ሲገባ ቁጥሩን አያዩም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይገፉና ተማሪውን እያዩ «ይሄ ቁጥር ማንን ጠይቆ ነው?» ይላሉ። የተጠየቁት ነጥቦች ይዘረዘሩላቸዋል። በጥሞና ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያመሰግናሉ። ተማሪው በሩ ጋ ሲደርስ «አንድ ይቀራል» ይሉታል።

የሚያሳዝነው ፍርግርጉ ቢሮ ውስጥ አለመቅረቱ ነው። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ሐዲጃ የምትባል ቲማቲም ሻጭ አለች። ዶክተሩ የሐዲጃ ሳጥን ፊት ይቆሙና ከአራቱ ማዕዘን አራት፣ ከመሃል አንድ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰድደው ከሥር አንድ ያወጣሉ። ጫን ጫን ያደርጋሉ፣ ያሸታሉ፤ ስድስቱም ደህና ከሆኑ ሁለት ኪሎ ያስመዝናሉ። ሐዲጃ ይህን ሥነ ሥርዓት ሦስት ወር ሙሉ አየች፤ ከዚያ የላሸቁትን በማዕዘኑና በመሃሉ መካከል ትደረድር ጀመር። ዶክተሩ ቤት ገብተው ከረጢቱን ሲገለብጡ ግማሹ ከመቆረጡ በፊት ወጥ ሆኖ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተመልሶ ይጣላታል። እሳቸው በማግስቱ ሄደው እጇን በአክብሮት ጨበጡ፤ ዘዴያቸውን በስንተኛው ቀን እንደነቃችበት ጠይቀው በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ። ሐዲጃ እስከ ዛሬ ሰውየው ጤነኛ መሆናቸውን ትጠራጠራለች፤ ግን ደንበኛዋ ናቸውና ወንበር ታቀርብላቸዋለች።

ሆዳን በሚባለው ሰፈር ቤት ሊከራዩ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነው። አከራዩ ጀላሉዲን ጨዋ ሰው ነው፤ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ዶክተሩ ቴርሞሜትር ከኪሳቸው አወጡና የሳሎኑን ሙቀት ዐሥራ ስድስት ቦታ ለኩ። መኝታ ቤቱን ዘጠኝ ቦታ ለኩ። ከዚያ ፀሐይዋ ስለዞረች ሳሎኑን እንደገና መለካት አስፈለገ። በዚህ መሃል አንድ የማያውቁት ሰው ብቅ ብሎ ቤቱ ውሃ እንዳለው ብቻ ጠየቀ፤ አለው ተባለ፤ ቁልፉን ተቀብሎ ገባ። ዶክተሩ ወጥ ቤቱን ለክተው ሲወጡ አዲሱን ተከራይ እንኳን ደስ ያለህ ብለው፣ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ እንደሚግል አስጠንቅቀውት፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ወዳለችው የድሮ ቤታቸው ተመለሱ። አሁንም እዚያው ናቸው።

አዲስ አበባ በመኪና ሊሄዱ ሲነሡ መንገዱ ደህና መሆኑን ከባድ መኪና ሾፌሮችን ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ጌቾና ጓደኛው፣ በዚያ መስመር ዐሥር ዓመት የተመላለሱ ሾፌሮች፣ መንገዱ ሰላም ነው አሏቸው። ዶክተሩ የት የት እንዳደሩና የት ምሳ እንደበሉ ጠየቁ። ሁለቱም አንድ ቦታ አድረው፣ አንድ ቦታ በልተው፣ ተከታትለው ነው የገቡት። ዶክተሩ በትሕትና አመስግነው፣ ሁለታችሁ አንድ ምስክር ናችሁ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ አሉ። ጌቾ ይህን ታሪክ በየማረፊያው ሲያወራው፣ ዐሥር ዓመት ሾፌርነቴን ግማሽ ሰው አድርገው አስቀሩት እያለ ነው።

ይህ ሁሉ ሌላው ሰው ላይ ሲደርስ ያስቃል። ትሁንም ስቃለች፤ እንዲያውም በአሳሳቃቸው፣ በመነጽር አገፋፋቸው፣ ጣት በማንሣታቸው ዶክተሩን አስመስላ ጓደኞቿን ታስቅ ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ግን ነገሩ ወደ ራሷ ዞረ።

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ትሁንን ሊቀጥር ተስማምቷል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ለፈታኞች መላክ አለበት። ከዚያ ካለፈ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሐሙስ ደግሞ ሌላም ነገር የሚያልቅበት ቀን ነው። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ መንፈስ ጀምሮ የማሽን ክፍሉን ማቀዝቀዣ ስላሸነፈው፣ ትልቁ የስሌት ማሽን ሐሙስ ከሰዓት ጠፍቶ እስከ መስከረም አይከፈትም። ከዚያ በፊት የዶክተር ጫላቸው ፊርማ ያስፈልጋል። አራት ዓመት የደከመችበት ነገር በአንድ ብዕር ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

እሑድ፣ የሥራ ሳምንቱ በተጀመረበት ጠዋት፣ ትሁን የመጨረሻውን ምዕራፍ ይዛ ገባች። ምዕራፉ ያምራል። ስለ አንዲት ስስ፣ አተሞቿ እንደ ማር ሰፈፍ ባለ ስድስት ጎን ሆነው ስለተደረደሩ ቁስ ነው። ቁሷ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እምብዛም ሳይጋጩ ያልፋሉ፣ ስለዚህ አትግልም የሚል ነው መደምደሚያው።

«ይሄ ቁጥር ማንን ጠይቆ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

ትሁን ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። አራት በአራት የሆነ ፍርግርግ ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት ሰጣት። በእጥፍ አጠበበችው፤ ስምንት በስምንት ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ ሰጠ። እንደገና በእጥፍ፤ ዐሥራ ስድስት በዐሥራ ስድስት፤ አሁንም ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ። ቁጥሩ ረግቷል። በሙያው ቁጥር ረጋ ማለት ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ ሰው ይተቃቀፋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዶክተር ጫላቸው ጣታቸውን በቁጥሮቹ ላይ አሳለፉ።

«አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት» አሉ። «አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። አንድ ቤት ያደጉ ሰዎች ቢስማሙ ምን ይገርማል? የማይዛመዳቸውን ጠይቂልኝ። ስድስትን ጠይቂ።»

«ዶክተር፣ ዐሥራ ስድስት ደርሼ ወደ ስድስት ልመለስ?»

«አንድ ይቀራል፣ ትሁን» አሉ፣ በጣም በትሕትና።

ምን እንደጠረጠሩ አልተናገሩም። እውነቱን ለመናገር ምንም አልጠረጠሩም፤ አመላቸው ነው። ትሁን በሩን ወርውራው ልትወጣ ፈለገች፤ የባሕሩ እርጥበት በሩን ስላሳበጠው አይወረወርም። እየገፋች ዘጋችው፤ ይህም ራሱ አናደዳት።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ዶክተር ፋኢዛ ነው። ዶክተር ፋኢዛ ሁለተኛዋ አማካሪ ናት፤ የጅቡቲ ልጅ፣ ቆፍጣና፣ ጠዋት የጀመረችውን ነገር ምሳ ሳትበላ የምትጨርስ። ወጉ የዋናው አማካሪ ፊርማ ቢሆንም፣ በደንቡ መሠረት ከሁለቱ የአንዳቸው ይበቃል። ትሁን በፈረንሳይኛ ብሶቷን አወረደችው። ፋኢዛ እየሳቀች አዳመጠቻት፤ እሷም በዚያው ሰው እጅ ያለፈች ናትና እያንዳንዷን ቃል ታውቃታለች። ከፈለግሽ ሐሙስ ጠዋት እፈርምልሻለሁ አለቻት። ትሁን ከእሷ ቢሮ ስትወጣ በሐሳቧ ሊዮን ደርሳ ነበር።

ሰው ነገር ካሸነፈ በኋላ ዝም ማለት አይችልም። ትሁን ሰኞ ዕለት ስድስትን ልታሰላ ተቀመጠች፤ ለእውነት ብላ ሳይሆን ዶክተሩን ለማሳፈር ብላ። ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ነው፤ ቁሷ ባለ ስድስት ጎን ስለሆነች አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡት መንትዮች ሲቀነሱ ሰባት ብቻ ይቀራሉ። ሰባት ነጥብ በቀራት የማሽን ሰዓት ተብቃቅቶ ያልቃል። የምትናገረውን አረፍተ ነገር ሳይቀር አዘጋጀች፤ «ይኸው ዶክተር፣ ስድስትም ሰላም ብሎዎታል» ልትል ነው። ይህን እያሰበች እንቅልፏ ጣፋጭ ሆነላት።

ማክሰኞ ጠዋት ስድስት ዜሮ ነጥብ ሰባ አራት አለ።

ትሁን የተሳሳትኩት ነገር አለ ብላ ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። የለም። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ስድስቱ ዝም ብለው የተቀመጡ ጨዋዎች ናቸው። ሰባተኛው፣ የባለ ስድስት ጎኑ ጥግ ላይ ያለው፣ ይጮኻል። እዚያ ጥግ ላይ ሯጩና ተንቀጥቃጩ የሚጋጩት ግጭት ለብቻው ከሌሎቹ ድምር ይበልጣል።

አሁን ፈተናው መጣ። ሦስት ፍርግርጎች ይስማማሉ፣ አንዱ ብቻ ይቃወማል፤ ያውም ከሦስቱ ሁለቱ ከእሱ የጠበቡ ናቸው። ስድስት ሰፊ ስለሆነ ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ይቻላል። ፈታኞቹ አይጠይቁም። ፋኢዛ ፈርማለች ማለት ይቻላል። ሊዮን ትጠብቃለች። ትሁን የስድስትን ውጤት «ልዩ ልዩ» የሚባል ፎልደር ውስጥ አስገባችውና ኮምፒውተሩን ዘግታ ለምሳ ወደ ቤት ሄደች።

ቤት አባቷ ባንቴ ባጌት፣ ያን ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ፣ እየቆረጠ ነበር። አንዱን ባጌት ለሦስት፤ ለራሱ፣ ለሚስቱና ለልጁ። ትሁን ቢላዋው ዳቦው ላይ ያረፈበትን ቦታ አየችና ቆመች። ባጌቱን ለሁለት ብትከፍለው፣ ግማሹን ለሁለት፣ ሩቡን ለሁለት፣ እንዲህ እያልክ እስከ ነገ ብትቆርጥ፣ ቢላዋህ ሲሶው ላይ አያርፍም። አጠገቡ ይደርሳል፤ በዚህ ጎን ያልፋል፣ በዚያ ጎን ያልፋል፤ እሱ ላይ ግን አያርፍም። ያ የሚጮኸው ጥግ ያለው በትክክል ሲሶው ላይ ነው። አራት፣ ስምንትና ዐሥራ ስድስት የተስማሙት እውነቱን አይተው ሳይሆን፣ ሦስቱም በአንድ ዓይነት እርምጃ እየዘለሉት ስላለፉ ነው። ይህን ጥግ እኮ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ታውቀዋለች። ቁጥሩ በእጥፍ በእጥፍ እያለ ሲረጋላት ደስ ብሏት ማሰብ አቆመች እንጂ።

«አባዬ፣ እስቲ ሌላውን ለስምንት ቁረጠው» አለች።

«ለስምንት?» አለ ባንቴ። «እንግዳ ጠርተሻል እንዴ፣ ልጄ?»

እንጀራ አባት ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር፤ ባንቴ ግን የወለዳት ነውና ቆረጠላት። ትሁን ስምንቱን ቁራጭ አንድ በአንድ ነክታ፣ አንዱንም ሳትበላ ተነሣች።

ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ በገባበት ሰዓት፣ መንገድ ላይ ፍየልም በሌለበት፣ ትሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው በእግሯ ተመለሰች። ፊቷ የቀላው ከፀሐይ ብቻ አልነበረም። ዶክተር ጫላቸውን አስመስላ የሳቀችበት ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣባት ነበር። አዲሱን ውጤት ለዶክተሩ አለማሳየትም ትችል ነበር፤ ይህንን ታውቃለች። ግን ሊዮን ሄዳ የተሳሳተውን ቁጥር ሰው ፊት ቆማ ስታነብ ራሷን አሰበችና አንገሸገሻት።

ዶክተሩ ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ወረቀቱን አስቀመጠችላቸው፣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የፋኢዛንም፣ «ልዩ ልዩ» የሚለውንም ፎልደር ሳይቀር። አላልኩሽም ወይ እስኪሏት ጠበቀች። አላሉም። ቁጥሩን አይተው ፊታቸው ላይ የመጣው ነገር ድል አልነበረም፤ ጭንቀት ነው።

«ስድስትም ያጋንናል» አሉ። «ጥጉ ላይ ያለው ነጥብ ጎረቤት ስለሌለው ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ዐሥራ ሁለት አድርጊ። ዐሥራ ዘጠኝ ነጥብ ነው፤ ሰባቱን ጠይቀሻል። ዐሥራ ሁለት ይቀራሉ።»

«የማሽን ሰዓቴ አልቋል ዶክተር። ቢኖርም እስከ ሐሙስ አይደርስም።»

«ሰዓቱን ለኔ ተይው። አንቺ ምዕራፉን ጻፊ።»

ረቡዕ ሙሉ ጻፈች። አትግልም ያለቻትን ቁስ ትግላለች አለቻት፤ በአርባ ሁለት ገጾች ላይ የተበተነውን ውዳሴ ሁሉ ነቀለች። አንድ ምዕራፍ ስታፈርስ ሌላው ይናዳል ብላ ፈርታ ነበር፤ ነገር ግን አዲሱ ከድሮው ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆመ። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ሚናስ ደግሞ አንድ ነጥብ ባለቀ ቁጥር መልእክት ይልክላት ነበር። ነጥቦቹ በሚያስደንቅ ፍጥነት ያልቃሉ። ከወትሮው በሦስት እጥፍ ነው የሚሮጡት። ትሁን እንዴት ሆነ ብላ የምትጠይቅበት ጊዜ አልነበራትም።

ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ዐሥራ ስምንት ነጥብ አልቆ ነበር። ዶክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጀርባዋ ቆመዋል። ድምሩ ዜሮ ነጥብ አርባ ስምንት ነው፤ ከድሮው ቁጥሯ እጥፍ በላይ።

«ላኪው» አሉ።

ትሁን እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። ዐሥራ ዘጠነኛው ገና ነው አለቻቸው፤ ሚናስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል ብሏል አለች።

«የቀረው ነጥብ ግጭቱን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» አሉ ዶክተር ጫላቸው። «ከዚህ አያንስም ብለሽ ጻፊ። ስንቱን እንደጠየቅሽ ጻፊ፤ ያልጠየቅሽውንም የት እንዳለ ጻፊ። ይህ ሐሰት የለበትም።»

«ግን ዶክተር፣ አንድ ይቀራል እኮ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩዋት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የፊርማውን ገጽ ፈረሙና አጠገቧ አስቀመጡት። ትሁን አረፍተ ነገሩን ጻፈች፣ ገጹን አያያዘች፣ ላከች። ሰባት ደቂቃ ተርፏት ነበር። ዶክተር ጫላቸው ወጡ።

ሚናስ የመጣው ማሽኑን ሊያጠፋ ሲወርድ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ትሁን አመስግናው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ከየት አመጣህልኝ ብላ ጠየቀችው። ሚናስ ግራ ገብቶት ተመለከታት።

«አልነገሩሽም? የራሳቸውን ሥራ አስቁመው ነው እኮ። ያን የዐሥራ አንድ ወሩን።»

የዐሥራ አንድ ወሩን ሥራ ሁሉም ያውቀዋል። የሃያ ሁለቱ ዓመት መደምደሚያ ነው፤ ዶክተሩ ባገኟት ትርፍ ሰዓት ሁሉ ሲመግቡት የኖሩት፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልሞከረው ጠባብ ፍርግርግ። ሊያልቅ የቀረው የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። ሚናስ እንዳስረዳት የትሁንን ነጥቦች ለማስሄድ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ዲስኩም መለቀቅ ነበረበት፤ እስካሁን የተጠራቀመው ውጤት አብሮ ተደመሰሰ። ሚናስ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ ብሏቸው፣ በሁለተኛው ጊዜ ራሳቸው ወርደው ቁልፉን ተጫኑት።

ትሁን ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። ያ ያበጠ በር አልከፈትም ብሎ አስቸገራት፤ በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ዶክተር ጫላቸው ጠረጴዛቸው ላይ ባዶ ወረቀት ዘርግተው በማስመሪያ መስመር ያሰምራሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

«በፍጹም።»

«እንግዲህ መልሱን የማውቀውን ነገር አልጠይቅም» አሉ። መስመሩን ጨረሱና ቀና አሉ። «የኔ ሥራ መስከረም እንደገና ይጀመራል። ሊዮን ግን መስከረምን አትጠብቅሽም።»

ትሁን አልቅሳለች፤ ይህን ማንም እንዲያውቅባት አትፈልግም። አመሰግናለሁ ማለት በጣም ትንሽ ሆነባት። አራት ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው ማስረዳት ሲጀምሩ ስልክ እንደተደወለላት አስመስላ ስትወጣ ኖራለች። አሁን ግን ወንበሩን ራሷ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ ከየት ነው የሚጀምሩት፣ የመጀመሪያው ነጥብ የት ነው የሚያርፈው ብላ ጠየቀቻቸው። ዶክተሩ ለአፍታ እየቀለደችባቸው እንደሆነ ተጠራጠሩ። ከዚያ ማስመሪያውን አነሡ፤ አንዴ ከጀመሩ በኋላ ሦስት ወረቀት፣ አራት ወረቀት ሞሉ፤ ትሁን እየተቃወመቻቸው፣ እየደመሰሰች፣ እየጨመረች። ሕንፃው ባዶ ሆነ፤ ማቀዝቀዣው ጠፋ፤ ላባቸው ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ሲቆምና ሲያጉረመርም፣ ትሁን ቀና ብላ አየችውና ለእሱም ወንበር ሳበችለት።